ሁለቱ የቤት ሥራዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ልጅ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣውም፣ ማጀት ውስጥ ተከምሮ የሚጠብቀውም በእኛ ቋንቋ ስሙ አንድ ነው፤ «የቤት ሥራ»። ሁለቱ የሚጋጩትም በአንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል። በዚህ እትም የመለስናቸው ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ከዚህች ሰዓት የመነጩ ናቸው። ረዘም ያሉትን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ታክሲ ተሰልፌ ጀሞ ቤቴ የምደርሰው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የ4 እና የ8 ዓመት ልጆች አሉኝ፣ ሠራተኛ የለኝም። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሽንኩርት መላጥ እጀምራለሁ፤ ወጡ ሲደርስ ትንሹ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እንጀራና ልብስ ነው። ልጆቼን የማያቸው መቼ ነው?

መልስ፦ በእጅዎ ያለው 2 ሰዓት ነው። ወጥ ከሽንኩርት መላጥ ተጀምሮ እስኪወጣ 1 ሰዓት ከሩብ ይበላል። በመሯሯጥ ከዚህ ላይ የሚተርፈው 10 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ እሱም በቁጣና በተቆረጠ ጣት ይከፈላል። የሚያዋጣው አንድ ከባድ ሥራ ከነጭራሹ ከምሽቱ ላይ ማንሳት ነው፤ መጀመሪያ የሚነሳውም ቁሌቱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይክተፉ። ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ ውሃውን እስኪመጥና እስኪለሰልስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያቁላሉት። ከዚያ ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ጨምረው 10 ደቂቃ ካበሰሉት በኋላ ለሁለት ይክፈሉት። አንዱ ግማሽ ለአልጫ እንዲሁ ይቀመጣል። በሌላው ላይ 3 የቡና ሲኒ በርበሬ ጨምረው፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ 20 ደቂቃ ያህል ያብስሉት። መጨረሻ ላይ ለሁለቱም የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይግባ። ጨው አይጨምሩ፤ የምስሩና የድንቹ የጨው ልክ አንድ አይደለም፣ በየዕለቱ ወጡ ላይ ይደረግ። ሲበርድ በስድስት ትንንሽ ዕቃዎች ይከፋፈል፤ አንዱ ዕቃ ለአንድ ምሽት የሚበቃ ይሁን። ለ3 ቀን የሚሆነው ፍሪጅ ውስጥ፣ የቀረው ፍሪዘሩ ውስጥ ይገባል። ማክሰኞ ማታ ቁሌቱ እየሞቀ የታጠበ ምስር ክክ ሲጨመርበት በ25 ደቂቃ ራት ይደርሳል፤ ከዚያ ውስጥ እጅዎ የሚያዘው 5 ደቂቃ ነው።

ይህ ሥራ የሚበላሽባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። ትኩሱን ከድነው ፍሪጅ ከከተቱት እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ቶሎ ይኮመጥጣል። በአንድ ትልቅ ዕቃ ካቀዘቀዙት ለአንድ ራት ሲሉ ሁሉንም ያቀልጡታል፣ መልሶ ማቀዝቀዝ ደግሞ አይመከርም። በርበሬውን በኃይለኛ እሳት ካበሰሉት ያርርና ይመራል፤ ስድስቱንም ምሽት መራራ ወጥ ይበላሉ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ቁሌት ማጠራቀም አይችልም፤ እዚያ የምሽቱ ወዳጅ ምጥን ሽሮ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ከገቡ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ማጀት አይግቡ። ቀኑን ሙሉ የጠበቀ ልጅ በሩ ላይ ያላገኘውን ትኩረት ቀሚስዎን እየጎተተ፣ ወንድሙን እየመታ፣ ውሃ እየደፋ እስከ 2 ሰዓት ይለቅመዋል። 15ቱን ቀድሞ የከፈለ ቀሪውን ምሽት በሰላም ያበስላል። አደራረጉ እንዲህ ነው፤ ስልክዎን ቦርሳ ውስጥ ይተዉት፣ ጫማዎን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ከልጆቹ እኩል ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ ጨዋታውን እነሱ ይምረጡ። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ መጠየቅ «ምንም» ከማለት ሌላ መልስ አያመጣም። «ምሳ ስትበላ አጠገብህ ማን ተቀመጠ?»፣ «ዛሬ መምህሯን ማን አሳቃት?» ዓይነት ጠባብ ጥያቄ ወሬውን ይከፍተዋል። የ8 ዓመቱ ልጅ በትንሹ ፊት የማያወጣው ነገር ይኖረዋል፤ ለእሱ ትንሹ ከተኛ በኋላ ብቻውን 10 ደቂቃ ይስጡት፣ በየቀኑ ባይሆን በሳምንት ሦስቴ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ ሰዓቱን እንጂ ሥራውን መቀነስ አይቻልም። 25 እንጀራ፣ አንዱ 3 ደቂቃ ያህል ቢወስድ፣ ምጣዱ እስኪግል ከሚጠበቀው ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ሊጡን ስለሚያዘገየው ረቡዕ ማታ የተቦካው ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳል (ቆላ ላይ ግን በዚህ ስሌት ከሄዱ ይኮመጥጣል)። ቅዳሜ ጠዋት የላዩን ውሃ አቅርረው አብሲቱን ይጣሉ። ሊጡ ኩፍ እስኪል ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ምንም የሚሠሩት ነገር የለም፤ ብዙ እናቶች ይህችን ክፍተት በእጥበት ይሞሏታል። አይሙሏት። ቁርሱ ከልጆቹ ጋር፣ ሳይጣደፉ፣ በዚህ ሰዓት ይበላ። ጋገራው ሲጀመር ደግሞ ሌላ ከባድ ዕቃ ሶኬት ላይ አይሰኩ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፣ ምድጃ ከተጨመረበት ቆጣሪው ይወድቅና ሥራው ይራዘማል። እንጀራው ሳይበርድ ከተደራረበ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል፣ ያኔ ሌላ ጋገራ ነው። በሳምንቱ መሀል 10 እንጀራ ከጉሊት መግዛት ደግሞ ነውር አይደለም። ሁለት ሰዓት በዚያ ዋጋ ከተገኘ ርካሽ ነው።

ልብሱን ቅዳሜ ላይ አይከምሩት። ዩኒፎርም ረቡዕ ማታ ግማሽ ሰዓት ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ይታጠብ፤ ሌሊቱን ሙሉ የተዘፈዘፈ ልብስ ቀለም ይለቃል፣ ይሸታልም። ሲያሰጡት ጠንከር አድርገው ካራገፉት ግማሹ መተኮስ አያስፈልገውም። የአልጋ ልብስና መጋረጃ ተራ ይጠብቃል። አቧራ የቆየበት መስኮት ልጅ አይጎዳም።

ጥያቄ፦ የ3፣ የ6 እና የ10 ዓመት ልጆች አሉኝ። «እኔም ልሥራ» ይላሉ፤ ሲሠሩ ግን ወለሉ ጭቃ ይሆናል፣ ኩባያ ይሰበራል፣ ሥራዬ እጥፍ ይሆናል። ላባርራቸው ወይስ ልቻላቸው? (የቤት እመቤት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ዛሬ ካባረሯቸው በ12 ዓመታቸው ሲጠሯቸው አይመጡም። ደግሞም ሥራው እጥፍ የሚሆነው ልጁ ሥራውን በሙሉ ሲሞክር ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ ውስጥ ለእሱ የምትሆን ቁራጭ አለች፣ እሷን ለይተው ይስጡት።

የ3 ዓመቷ ካልሲ ታጣምር፤ ጥንድ መፈለግ ለእሷ ጨዋታ ነው። ልብስ ሲሰጣ መቆንጠጫ አንድ በአንድ ታቀብል። የ6 ዓመቱ ምስር ይልቀም፤ በሰፌድ ላይ ከአንድ ኩባያ አይበልጥ፣ ጠጠሩ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ይቆጠር፤ «5 ሲሞላ ንገረኝ» ይበሉት። ሁለት ኩባያ ከሰጡት ይሰለቸዋል፣ ሰፌዱም ይደፋል። ነጭ ሽንኩርትም መላጥ ይችላል፤ ፍሬውን ለያይተው 10 ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉለት፣ ልጣጩ ያለ ቢላዋ በጣት ይወልቃል። ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ዓይኑን ካሸ ያለቅሳል፣ ሁለተኛም አይመጣም።

ዕቃ እጥበቱ በሁለት ሳፋ ይሁን፤ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ማለቅለቂያ። ውሃው ከሳፋው ሲሶ አይበልጥ፣ ከሥሩ አሮጌ ፎጣ ይነጠፍ። ፕላስቲክና ብረት የልጆች ነው፣ ብርጭቆና ሸክላ የእርስዎ። ሲያልቅ ውሃው ወዲያው ይደፋ። ትንሽ ልጅ ባልዲ ውስጥ ባለ ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ሊሰምጥ ይችላል፤ በግንባሩ ከተደፋ ራሱን ማንሳት አይችልም፣ ጮሆም አይጣራም።

የ10 ዓመቷ እርስዎ አጠገቧ ቆመው ሽሮ ትሥራ። ልጆች ዱቄቱን የፈላ ውሃ ላይ ሲበትኑት ጓል ይሆናል፤ ስለዚህ ሽሮው መጀመሪያ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥበጥና ቁሌቱና ውሃው ሲፈላ በቀጭኑ ይፍሰስ። መወፈር ሲጀምር ይፈናጠራል፣ የሚያቃጥለውም ያኔ ነው። እሳቱ ይቀነስ፣ ክዳኑ በግማሽ ይከደን፣ ማማሰያው ረጅም ይሁን።

ሁለት ነገር እናክል። ልጁ ያጠበውን ሳህን እያየዎት መልሰው አይጠቡት፤ ካልጠራ ማታ ሲተኛ ይድገሙት። ሌላው፣ ወንዱንም ከማጀት አያባርሩት። «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል» የሚለው ቤት ውስጥ የ10 ዓመቷ የሦስት ሰው ሥራ ትሠራለች፤ እናቷ የምታገኘው የጨዋታ ሰዓትም ከእሷ ጥናት ላይ የተቆረጠ ይሆናል።

በረኪናን ለልጅ አይስጡ። በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተው ማስቀመጥ ደግሞ ልጅ ውሃ መስሎት እንዲጠጣው መጋበዝ ነው። ድንገት ከጠጣ አያስመልሱት፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጉመጥምጠው፣ ጠርሙሱን ይዘው በፍጥነት ጤና ተቋም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ስጋግር የ2 ዓመት ልጄን ዝም የሚያሰኝልኝ ስልክ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት ሰዓት ይቆይበታል። ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ) ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰም ይሻላል ይላል። ዋናው ቅሬታችን ስልኩ ላይ ብቻ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ቋንቋ የሚገባው በምልልስ ነው፤ ልጁ ድምፅ ያወጣል፣ ሰው ይመልስለታል፣ እሱም ይጨምራል። ስልክ ይናገራል እንጂ አይመልስም።

ይሁንና ምጣድ ፊት የሚሮጥ የ2 ዓመት ልጅ ከስልክ የባሰ አደጋ ነው፤ ስለዚህ ስልኩን ከልክለው እግርዎ ሥር አይልቀቁት። የመጀመሪያው ምርጫ ልጁ ቀን ሲተኛ መጋገር ነው። ካልሆነ ከምጣዱ ቢያንስ 1 ሜትር ራቅ ብሎ፣ እርስዎ በሚያዩት ቦታ፣ በጋገራ ቀን ብቻ የሚወጣ ካርቶን ያዘጋጁ። የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ ትንሽ ድስት ከነክዳኑ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ቁራጭ ጨርቅ ይበቃሉ። ሁልጊዜ ከተሰጠው በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቸዋል። ባቄላ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ አይኑሩበት፤ አፍንጫ ውስጥ ይገባሉ፣ ያንቃሉም። ከመጀመርዎ በፊት 10 ደቂቃ አብረውት ይጫወቱ፣ ጨዋታውን አስጀምረው ይነሱ። አክንባሎውን በከፈቱ ቁጥር «አንድ ወጣ! ሁለት ወጣ!» እያሉ ጮክ ብለው ይቁጠሩለት። ከ10 እንጀራ በኋላ ምጣዱን አጥፍተው 5 ደቂቃ ቢያቅፉት የሚጠፋው ሙቀት ትንሽ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ የመጨረሻው 20 ደቂቃ በስልክ ካለቀ ራስዎን አይውቀሱ።

ቢቃጠል፣ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ያፍስሱበት፤ ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን በኩባያ ይንቆርቆር። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀቡት፤ ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ለሐኪሙም ቁስሉን ማጽዳት ሌላ ሥቃይ ይሆናል። በረዶም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ አዳማ ሱቅ አለኝ፣ የምዘጋው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። የ6 ዓመት ልጅና የ5 ወር ሕፃን አለን። ባለቤቴ «አታግዘኝም» ትላለች፤ እኔ ግን ያዘዘችኝን ሁሉ አደርጋለሁ። አንዳንድ ማታ ኳስ ጨዋታም አያለሁ። ምን ይጠበቅብኛል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መልሱ ደብዳቤዎ ውስጥ አለ፤ «ያዘዘችኝን»። ማዘዝም ሥራ ነው። ምን እንደጎደለ ማየት፣ ማስታወስ፣ መናገር፣ መደረጉን ማረጋገጥ፤ ይህ ሁሉ በእሷ ራስ ላይ ቀርቶ እርስዎ ጋ የመጣው እጁ ብቻ ነው።

ከሥራው አንዱን ከነአሳቡ ይውሰዱ። ለእርስዎ ሰዓት የሚስማማው የ6 ዓመቱን ማስተኛት ነው። እግር ማጠብ፣ ጥርስ ማስቦረሽ፣ የነገውን ዩኒፎርምና ቦርሳ ማዘጋጀት፣ መብራት ቀንሶ አንድ ተረት፤ ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያልቃል። «ፎጣው የት ነው?» ብለው ከጠየቁ ሥራው ገና የእርስዎ አልሆነም። የመጀመሪያው ሳምንት ልጁ «እማዬ ታስተኛኝ» ብሎ ያለቅሳል። እናቱ ከመጣች ነገም ያለቅሳል፤ እሷ ሌላ ክፍል ትቆይ፣ እርስዎም አይቆጡ።

ሁለተኛው የሕፃኑ ካርድ ይሁን። የ14ኛው ሳምንት ክትባት አልፏል፤ 6 ወር ሲሞላው ቫይታሚን ኤና ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ 9 ወር ላይ የኩፍኝ ክትባት አለ፣ 15 ወር ላይ ሁለተኛው ዙር። ቀኖቹን ሱቅዎ ግድግዳ ላይ ይለጥፏቸው፣ በዕለቱም ሱቁን ዘግተው እርስዎ ይውሰዱት። ኳስ ጨዋታውን በተመለከተ፣ ለልጁ «ማታ ኳስ አለ፣ ስለዚህ ተረቱ ከኳሱ በፊት ነው» ብለው ቀድመው ይንገሩት። እየተጫወተ ማየት ይችላል፣ ነገር ግን ቴሌቪዥን ፊት አብሮ መቀመጥን እንደ ጨዋታ ሰዓት አይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲወድቅ የሚሮጠው ወደ ሠራተኛችን ነው። ቅናት ነው መሰል፣ ላሰናብታት አሰብኩ።

መልስ፦ አያሰናብቷት። ልጅ የሚወዳት ሠራተኛ ማግኘት ዕድል ነው፤ በየሦስት ወሩ ሰው የሚቀያየርበት ልጅ ማንንም መልመድ ይተዋል። ማስተካከል ያለብዎት የሥራ ክፍፍሉን ነው። ብዙ ቤት እናትየው ከሥራ ስትገባ ወደ ወጡ ትሄዳለች፣ ሠራተኛዋ ልጁን ትይዛለች። ይገልብጡት። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ራቱ የእሷ፣ ልጁን ማጠብ፣ ማብላትና ማስተኛት የእርስዎ ይሁን። የማታ ትምህርት የምትማር ከሆነ ደግሞ ወጡ ቀን ላይ ተሠርቶ ይቆይና በሰዓቷ ትውጣ። በልጁ ፊት አይዘርጥጧት፤ የሚወዳትን ሰው ሲሰድቡበት የሚፈራው እርስዎን ነው። ስትለቅ ልጁ ተኝቶ ሳለ አትሂድ፣ ተሰናብታው ትሂድ።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ቀን ይነዳል። የ7 ዓመት ልጃችን አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቤት ስጨርስ እንኳን ለማስተማር ለመቀመጥም አቅም የለኝም።

መልስ፦ ለትምህርት የተለየ ሰዓት አይፈልጉ፣ አያገኙትምና። ማጀትዎን ክፍል ያድርጉት። ልጁ ከአውቶቡስ ወርዶ ራት እስኪደርስ ባለው ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ፣ ከ20 ደቂቃ ላልበለጠ፣ በአማርኛ አብራችሁ ሥሩ። ሰኞ ዕቃ ከማጠቢያ ማሽኑ ማውጣት (ማንኪያ፣ ሹካ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ጭልፋ)፣ ረቡዕ ልብስ ማጠፍ (እጅጌ፣ ኮሌታ፣ ቁልፍ፣ ገልብጥ፣ እጠፍ)። በአንድ ቀን ከ5 አዲስ ቃል አይበልጥ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ሥራ ሲደገም ቃሉ ይመለሳል።

በእንግሊዝኛ ሲመልስ «በአማርኛ በል!» ብለው አያስቁሙት። ያለውን በአማርኛ አድርገው መልሰው ይበሉለትና ይቀጥሉ። ማንኪያው መሬት ወደቀ ለማለት በእንግሊዝኛ ከነገረዎት «ኧረ ማንኪያው ወደቀ? አንሳውና እንጠበው» ማለት ይበቃል። አፉን ከሚያሲዝ እርማት ይልቅ ይህ ይገባዋል።

ውጭ በሚያድጉ ወንዶች ልጆች ላይ በብዛት የሚታይ አንድ ስህተት አለ፤ እናታቸውን «ስጠኝ፣ ና፣ እየው» ይሏታል። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት ለወንድ የሚባለውን ብቻ ነው፣ እሱንም እንደሰሙት ይመልሱታል። መድኃኒቱ ልጁ ለሴት ሲነገር እንዲሰማ ማድረግ ነው። ባለቤትዎ በልጁ ፊት ለእርስዎ «ጨው ስጪኝ»፣ «ነይ እዪው» እያለ ያውራ፤ ልጁንም መልእክተኛ ያድርገው፣ «ሂድና እማዬን ‹ቡና አፍዪልን› በላት»። የአክስትና የአያት ስልክ ጥሪም ለዚህ ጥሩ ነው፤ አክብሮቱን «ይስጡኝ፣ ይምጡ» የሚማረውም ከአያቱ ጋር ሲያወራ ነው።

ከሌሊት ሥራ በተመለሱበት ጠዋት ግን ምንም አይሞክሩ። መጀመሪያ ይተኙ። ድካም የተናገረችው አማርኛ ሁሉ ትእዛዝ ስለሚሆን ልጁ ቋንቋውን ከቁጣ ጋር ያያይዘዋል። ቅዳሜ ቡና ሲያፈሉ ፈንዲሻውን እሱ ያዙር፣ ሲኒውን እሱ ይደርድር። ቡናውን ግን መስኮት ከፍተው፣ የምድጃውን ማራገቢያ አብርተው ይቁሉት፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው የአበሻ ቤት ጠላት ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ጉሊት ላይ አትክልት እሸጣለሁ፤ ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው፣ 6 ዓመቷ ነው። ፍሪጅ የለኝም፣ በከሰል ነው የምሠራው። ለጨዋታ የሚተርፈኝ ሰዓት የለም። የጎረቤት ልጅ ናት የጻፈችልኝ።

መልስ፦ እህታችን፣ እርስዎ ከልጅዎ ጋር ከብዙዎቹ ጸሐፊዎቻችን የበለጠ ሰዓት ያሳልፋሉ። እጅዎ ሥራ ላይ ስለሆነ ሰዓቱ አይቆጠርልዎትም እንጂ። አፍና ጆሮዎ ነጻ ናቸው፤ እጇ ሥራ ለያዘባት እናት የተሠራ ጨዋታ ደግሞ አለን።

«እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ!» «ሌት ተቀን ሄዶ የማይደክመው?» ካላወቀች «አገር ስጪኝ» ይበሏት፤ አገር ስትሰጥ የከተሞችን ስም ትማራለች። ከጉሊት እስከ ቤት ያለው መንገድ ለሦስት እንቆቅልሽ ይበቃል (መልሱ ወንዝ ነው፤ እናንተ ጋ ዓባይን ማሳየት ይቻላል)። ነገ እሷ ለእርስዎ ታውጣ። ከሰሉ እስኪቀጣጠል ያለው 15 ደቂቃ ደግሞ የተረት ነው፤ «ተረት ተረት»፣ «የላም በረት»። ከሰሉን ግን ከቤት ውጭ ያቀጣጥሉ፤ ሳይጠፋም በተዘጋ ቤት ውስጥ አስገብታችሁ አትተኙ፣ ጢሱ ባይታይም ይገድላል።

ጉሊቱ ላይም የልጅ ሥራ አለ። ድንቹን በመደብ ታስቀምጥ፣ በየመደቡ 5፤ 4 መደብ ስንት ድንች ነው? መልስ ለደንበኛ ስትቆጥር እርስዎ አብረው ይቁጠሩ። ትምህርት ቤት በምትሄድበት ሰዓት ግን ገበያ አታስቀሯት።

ጥያቄ፦ በዓል ዋዜማ ላይ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። ዶሮው ያበሳጨኛል። (ከጎንደር)

መልስ፦ የሚያበሳጨው ዶሮው ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርቱ፣ ዶሮው፣ ዳቦውና ቤት ጽዳቱ አንድ ቀን ላይ መውደቃቸው ነው። ቤቱ ከሁለት ቀን በፊት ይጽዳ። ሽንኩርቱ ከዋዜማው በፊት ባለው ምሽት ተከትፎ ቁሌቱ ይጀመር፣ ዋዜማው ላይ በርበሬ ከገባበት ይቀጥላል። ዶሮው 12 ብልት ወጥቶ በሎሚና በጨው የሚታጠብበት ሰዓት የቢላዋ ሰዓት ነውና ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ወጥተው ቄጤማ ይግዙ።

ሲመለሱ እንቁላሉ ይጠብቃቸው። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ተቀቅሎ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከገባ ልጣጩ ለልጅ ጣት ይታዘዛል፤ ትኩሱን ከላጡት ነጩ አብሮ ይነሳል። ለ12 ብልት 12 እንቁላል የምትሠሩ ከሆነ 14 ይቀቅሉ፤ ሁለቱ ይፈርሳሉ፣ የፈረሰውን ላጩ ይብላው። ቄጤማውን ማታ አይጎዝጉዙት፣ ይጠወልጋል። እርጥብ ጨርቅ ላይ አሳድራችሁ ጠዋት፣ እርስዎ ቡናውን ሲያቀራርቡ፣ ልጆቹ ይበትኑት።